በእሁድ የተለካ መንገድ

አንድ ወረቀት ቆራጭ በአንድ ትልቅ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። በከተማው እምብርት ባለ ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ፣ ሦስት ጊዜ ሳይለካ የመቁረጫውን ስለት ወረቀት ላይ አሳርፎ አያውቅም። ባልደረቦቹ በዚህ ይቀልዱበታል፤ «ዘርጋው ሻይ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር በማስመሪያ ነው የሚለካው» ይሉታል። እሱ አይከፋውም፤ እንዲያውም በልቡ ይኮራል። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ቸልተኛ ሰው ቢሳሳት ማንንም አይገርምም፤ ይህ ታሪክ ግን የጥንቁቅ ሰው ስሕተት ነው።

ዘርጋው ከባለቤቱ ከማንጠግቦሽና ከሽማግሌ አባቱ ከአቶ ገብረየስ ጋር፣ ከሥራው የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ርቆ ባለ ባለሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ይኖር ነበር። አባትየው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከገጠር መጥተው ልጃቸው ጋ የተጠጉ ናቸው። የስኳር በሽታ አለባቸው። ማታ እራት ሊቀርብ ሲል መርፌያቸውን ሆዳቸው ላይ ራሳቸው ይወጋሉ፣ ወዲያው ይበላሉ። ሐኪሙ ደጋግሞ ያስጠነቀቃቸው አንድ ነገር ነው፤ «መርፌውን ከተወጉ በኋላ ምግብ እንዳይዘገይብዎ!» አይዘገይባቸውምም ነበር። ዘርጋው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ይገባል፤ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱም አንድ ትሪ ይከባሉ። ሽማግሌው ልጃቸው እጁን ታጥቦ አጠገባቸው ሳይቀመጥ እህል አይነኩም። ባደጉበት አገር የቤቱን ጉርስ የሚያመጣው ሰው ደጅ እያለ መብላት ነውር ነው፤ ይህን ልማድ ከተማ ስለገቡ አልተዉትም።

አንድ ቀን አከራያቸው መጡና «ልጄን ልድር ነው፣ ቤቱን ልቀቁልኝ» አሉ። የሁለት ወር ጊዜ ሰጧቸው። በዚያ ከተማ ቤት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የፈለገ ያውቀዋል። መሀል ከተማው አይቀመስም፤ ስለዚህ ባልና ሚስቱ እንደማንኛውም ሰው ዳር ዳሩን ማየት ጀመሩ።

ደላላው ሁለት ቤት አሳያቸው። አንደኛው ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ግድግዳው ዱቄት ለብሷል፣ ወፍጮው ሲነሳ ሰው ከሰው ለመሰማማት መጮኽ አለበት። ሁለተኛው ጥድ ሜዳ በሚባል አዲስ ሰፈር የሚገኝ ባለሦስት ክፍል ቤት ነው። ግቢ አለው፣ ግቢው ውስጥ የዘይቱን ዛፍ አለ፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ለአባትየውም የራሳቸው ክፍል ይደርሳቸዋል።

«የመጀመሪያው ስንት ታክሲ ነው?» አለ ዘርጋው።

«ሁለት ታክሲ።»

«ይሄኛውስ?»

«አንድ ታክሲ ብቻ ነው የኔ ጌታ! እዚህ ተሳፍረው ማተሚያ ቤትዎ ደጃፍ ይወርዳሉ» አለ ደላላው አፉን ሞልቶ።

የዚያ ከተማ ሰው ርቀትን የሚለካው እንዲህ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ነው አይልም፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል አይልም። «ስንት ታክሲ ነው?» ይላል። አንድ ከተባለ ቅርብ ነው፣ ሁለት ከተባለ ሩቅ ነው፣ አለቀ። ታክሲው እስኪመጣ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ከመጣም በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚገተር የሚጠይቅ የለም። ቢጠየቅም የሚመልስ የለም፤ ሁሉም «እንደ ቀኑ ነው» ብሎ ይገላገላል።

ዘርጋው ግን በደላላ ቃል የሚያምን ሰው አይደለም። ራሴ ካልለካሁ አለ። ከጥድ ሜዳ ታክሲ ተሳፍሮ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄደ፤ ሃያ ሰባት ደቂቃ ፈጀበት። በሳምንቱ ደገመው፤ ሃያ አምስት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ አባቱን ይዞ ሄደ። አቶ ገብረየስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሰዓቱን በእጃቸው ይዘው ቆጠሩለት፤ ሃያ ስድስት። ዘርጋው ሦስቱንም ቁጥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ከተተ።

ሦስቱም ቀን እሁድ ነበር። ሌላ ምን ቀን ሊሆን ይችላል? ሰውዬው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ ላይ ነው። በዚያ ከተማ ቤት ፈላጊ ሁሉ ቤት የሚያየው እሁድ ነው፣ ደላላ ሁሉ ቤት የሚያሳየው እሁድ ነው። እሁድ ደግሞ መንገዱ ባዶ ነው፣ ረዳቱ «ግቡ እንጂ!» እያለ ይለምናል፣ ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ እያፏጨ ይነዳል። ከተማው በሳምንት አንድ ቀን ፊቱን ታጥቦ እንደ ልጃገረድ ይቀመጥና የሚያጨውን ያገኛል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ግን ሁሉም እያወቀ ይሳሳታል።

በሦስተኛው እሁድ አባትና ልጅ ቤቱን ዳግመኛ ሊያዩ ወደ ጥድ ሜዳ ተመልሰው ከታክሲ ሲወርዱ፣ አንድ አዛውንት ተራ አስከባሪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የሚያስከብሩት ተራ አልነበረም። ዘርጋው ሰዓቱን ሲያይ አዩትና ጠሩት።

«ቤት ልትከራይ ነው ወንድሜ?»

«በምን አወቁ?»

«እሁድ ቀን ሰዓት እያየ ከታክሲ የሚወርድ ሌላ ሰው የለማ። ምክር ልስጥህ፤ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥተህ ተሰለፍ። ማታም ከመሀል ከተማ ተሰልፈህ ተመለስ። ከዚያ በኋላም ቤቱን ከወደድከው ተከራየው።»

«ሰኞማ ሥራ አለኝ ጋሼ፤ እንዴት ብዬ እመጣለሁ?»

ተራ አስከባሪው ትክ ብለው አዩት። «እኔስ ሰኞ ሥራ ያለው ሰው መስለኸኝ አይደል የምነግርህ?»

ዘርጋው ፈገግ ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኪሱ ውስጥ ሦስት ቁጥር አለዋ!

ቤት ሲገባ ማንጠግቦሽ ተከራከረችው። «እኔ የወፍጮ ቤቱን ነው የምመርጠው» አለች። «ሁለት ታክሲ ይባል እንጂ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ታክሲ ቢጠፋ እንኳ በእግርህ ትገባለህ። እኔና አባባ ዱቄቱን እንችለዋለን፤ አንተ በጊዜ ግባ እንጂ።»

«ማንጠግቦሽ፣ እኔ እኮ ለክቻለሁ! ሦስት ጊዜ!»

«የለካኸው እሁድ ነው።»

«አስፋልቱ እሁድ አያጥርም፣ ሰኞ አይረዝምም! አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ?»

እንዲህ ብሎ አፏን አስያዛት። ወገኖቼ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉት፤ ሰውዬውን በኋላ አላላውስ ያለው ይኸው ነው።

ጥድ ሜዳ ገቡ። ሰኞ ጠዋት ዘርጋው በሃያ ስድስት ደቂቃው ተማምኖ፣ ሥራ ሊገባ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ከቤት ወጣ። ለጥንቃቄ ብሎ ነው እጥፍ የያዘው። ታክሲ ተራው ጋ ሲደርስ የሰልፉን ጫፍ አጣው። ሰልፉ ከተራው ወጥቶ፣ ዳቦ ቤቱን አልፎ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ታጥፎ ሄዷል። ከኋላ ቆመ። ታክሲ ሲመጣ አሥራ ሁለት ሰው ይነሳል፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ምንም የለም። ያ «አንድ ታክሲ» የተባለውም አንድ አልነበረም። ጠዋትና ማታ ሰው ሲበዛ ሾፌሮቹ መንገዱን ለሁለት ቆርጠው ግማሹ ላይ «መጨረሻ!» ይላሉ። ሰው እየተራገመ ይወርዳል፣ ሌላ ሰልፍ ይይዛል። የተረፈው መንገድ ደግሞ መኪና ብቻ ነው፤ ጎማ ከጎማ ተጣብቆ ጥሩምባ ይነፋፋል። ዘርጋው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አርፍዶ ሥራው ገባ። አለቃው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

ጠዋቱን በሌሊት እየተነሳ አስተካከለው። ማታውን ግን ማን ያስተካክልለት? አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከሥራ ይወጣል፣ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ ይሰለፋል፣ ሁለት ተኩል አካባቢ ከቤቱ ይደርሳል። ደህና በሆነለት ቀን ነው እንግዲህ። ቤት ሲገባ ትሪው ተዘርግቶ፣ አባቱ መርፌያቸውን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ማንጠግቦሽ ወጡን ለሦስተኛ ጊዜ አሙቃ ይጠብቁታል።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጋጠመህ?» ይሉታል አባቱ።

እዚህ ላይ ዘርጋው አንድ እውነት ብቻ መናገር ነበረበት፤ «አባባ፣ መንገዱ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ቤቱን ስመርጥ ተሳስቻለሁ» ማለት። ግን እንዴት ብሎ? ሦስት ጊዜ የለካ ሰው! አስፋልት አይረዝምም ያለ ሰው! ስለዚህ አንድ ቀን ጎማ ፈነዳ አለ። አንድ ቀን አለቃዬ አቆየኝ አለ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ግጭት ነበር አለ። ሁሌም መጨረሻ ላይ «ዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ በጊዜ እገባለሁ» ይጨምርበታል። ማንጠግቦሽ ከንፈሯን ነክሳ ወጡን ታወጣለች። አባትየው ግን ሁሉንም አምነው ያዝኑለታል። «ይሄ ልጅ ሰሞኑን ዕድል ጠመመበት» ይላሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ቀደም ብለው ለምን አይበሉም?» ትላቸዋለች ማንጠግቦሽ።

«ዛሬ ብቻ ነው አላለም? ለአንድ ቀን ብዬ ልጄ ሳይገባ ልብላ?» ብለው እምቢ ይላሉ።

በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ። ዘርጋው ታክሲው የጥድ ሜዳን ዳገት ሲጀምር ይደውላል፤ «ደረስኩ» ይላል። ከዚያ እስከ ቤት አሥር ደቂቃ ነው። እሳቸው ይህን ሲሰሙ መርፌያቸውን ይወጋሉ፣ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ይበላሉ። ለአምስት ሳምንት ያህል ነገሩ በዚህ ሠራ። ሰዓቱ ቢመሽም ቃሉ ቃል ነበር።

ሰልፍ ግን ሰውን ይለውጣል። ዘርጋው በየማታው ቆሞ የሚሰማው የሌሎች ሰዎችን ስልክ ነው። ከፊቱ የቆመችው ሴት ጎመን የተሞላ ፌስታል አንጠልጥላ «በር ላይ ነኝ፣ በሩን ክፈቱ» ትላለች። ከኋላው ያለው ጎልማሳ «ድልድዩን አልፌያለሁ» ይላል፤ ድልድዩ ግን ገና የአንድ ሰዓት መንገድ ይቀረዋል። ማንም አይስቅም፣ ማንም አያፍርም። ሁሉም የደከመ ነው፣ ሁሉም በቤቱ ሰው ጥያቄ የተሰላቸ ነው፣ «ደረስኩ» ደግሞ ጥያቄውን ጸጥ የምታሰኝ አጭር ቃል ናት። መጀመሪያ ሰሞን ዘርጋው ይገረም ነበር። በኋላ ለመደው።

አንድ ሐሙስ ማታ ዝናብ ጣለ። ዝናብ ሲጥል ታክሲዎቹ የት እንደሚገቡ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረን። ዘርጋው ከሰማንያ ሰው በኋላ ቆሟል። ጃንጥላ የለውም፣ ጫማው ውኃ አስገብቷል፣ ከኋላው ያለው ሰው ጃንጥላ ያጠራቀመውን ውኃ አንገቱ ላይ ያንጠባጥብበታል። አንድ ሰዓት ላይ ማንጠግቦሽ ደወለች፤ «የት ነህ?» «እየመጣሁ ነው» አላት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች፤ «መንገድ ላይ ነኝ» አላት። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች፤ «አባባ ዛሬ አቅም ያነሳቸው መሰለኝ፣ ልትደርስ ምን ያህል ቀረህ?»

በዚያች ቅጽበት አንድ ታክሲ መጣ፤ ሰልፍ ያልያዙ ጎረምሶች በመስኮት ሳይቀር ገብተው ሞሉት፣ ታክሲውም ጭቃ ረጭቶ ሄደ። የዘርጋው ደም ፈላ። የሚቆጣው ሌላ ሰው አጣ።

«ደረስኩ!» ብሎ ጮኸባት። «ደረስኩ አልኩሽ እኮ! ምንድን ነው በየደቂቃው የት ነህ፣ የት ነህ!»

ዘጋው። ከፊቱ ያለችው ያቺው ባለጎመን ሴት ዞር ብላ አየችውና ፊቷን መለሰች። ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጠራ። ማንጠግቦሽ ናት። አላነሳም። ደግሞ ጠራ። «ኤጭ!» ብሎ ድምፁን አጠፋው። ደግሞ ደጋግሞ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አውጥቶ ሲያየው ቁጥሩ የጎረቤታቸው ነው። ያኔ አነሳው፤ የማንጠግቦሽ ድምፅ ነው።

«ዘርጋው፣ የት ነህ?»

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«የት ነህ አልኩህ!»

ዙሪያውን አየ። ከፊቱ ገና አርባ ሰው አለ።

«ሰልፍ ላይ ነኝ» አለ።



«አልደረስክም ነበር?» አለች ማንጠግቦሽ።

«አልደረስኩም።»

«አባባ እኮ ተወግተዋል። ደረስኩ ስትል ጩኸትህ እሳቸው ድረስ ተሰምቷቸው ወዲያው ተወጉ። ይብሉ ብላቸው በር ላይ ነው ብለው እምቢ አሉኝ። አሁን ስጠራቸው አይመልሱልኝም፤ ስኳር በጥብጬ ባጠጣቸው በአፋቸው ጎን ይፈሳል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ልንወስዳቸው ነው።»

ዘርጋው ከሰልፉ ወጥቶ ወደፊት ሮጠ። «እባካችሁ አሳልፉኝ፣ አባቴ…» አለ። «ሁላችንም አባት አለን!» አለው አንዱ። ባለጎመኗ ሴት ግን ፊቱን አየችና ክንዱን ይዛ «ይሄ ሰው እውነቱን ነው፣ አሳልፉት!» ብላ ጮኸችላቸው። አሳለፉት። የመጣው ታክሲ ውስጥ የመጀመሪያው ሆኖ ገባ። ግን ምን ዋጋ አለው? ታክሲ ውስጥ መግባት አንድ ነገር ነው፣ መንገዱ ሌላ ነገር ነው። መኪናው አንድ ክንድ ይሄዳል፣ ይቆማል። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ከፊቱ ያለው ይነፋል፣ ዝናቡ ይወርዳል። ዘርጋው የፊት ወንበሩን ብረት ጨብጦ «እባክህ እግዚአብሔር፣ እባክህ» ይላል። ግማሽ መንገድ ላይ «መጨረሻ!» ሲባል ወርዶ በእግሩ ሮጠ። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፤ ሮጠ ከማለት እየወደቀ እየተነሳ ሄደ ማለት ይሻላል።

ጤና ጣቢያው ሲደርስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። አባቱ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ክንዳቸው ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል፣ ዓይናቸው ተገልጧል። ነርሷ «ሩብ ሰዓት ዘግይተው ቢያመጧቸው ኖሮ…» ብላ ነገሯን ሳትጨርሰው ወጣች። ዘርጋው ውኃው እየተንጠባጠበ አልጋው እግር ሥር ተንበረከከ። ከዚያም ሁሉንም ተናገረ። ጎማ እንዳልፈነዳ፣ አለቃው እንዳላቆየው፣ ግጭት እንዳልነበረ፣ መንገዱ ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ ሦስት ሰዓት እንደሚፈጅ ተናገረ።

አቶ ገብረየስ ጣራውን እያዩ አዳመጡት። ድምፃቸው ደክሟል።

«ሰዓቱን በእጁ ይዞ የቆጠረው ማን ነበር?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«አየህ፤ አብረን ነው የተሳሳትነው። ቤት መሳሳት ያለ ነው ልጄ፣ ቤት ይለወጣል። አንድ ቀን መጥተህ ‹አባባ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ አይጠብቁኝ› ብትለኝ በአንድ ሰዓት እበላ ነበር። አንተ ስትገባ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጬ አጫውትህ ነበር።» ትንሽ አረፉና ቀጠሉ። «እኔን የጣለኝ መዘግየትህ አይደለም። ደረስክ ብዬ መጠበቄ ነው።»

ዘርጋው ፊቱን አልጋው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ማንጠግቦሽ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ነግሬህ ነበር አላለችውም፤ ብትለው ይሻለው ነበር።

በሳምንቱ ሰኞ ዘርጋው ከሥራው ፈቃድ ጠየቀ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። አለቃው «ምን ልትሠራ?» ሲለው «ልሰለፍ» አለው። የወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቤት ለሌላ ሰው ከተከራየ ቆይቷል። ስለዚህ ከዚያው አቅጣጫ አንድ ሌላ ሰፈር መርጦ ጠዋት ከሰው ጋር ተሰልፎ ገባ፣ ማታ ከሰው ጋር ተሰልፎ ተመለሰ። በማግስቱ ዝናብ ስለነበረ ደገመው። በዝናብ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እዚያ ተከራይተው የገቡበት ቤት ሁለት ክፍል ነው፣ ግቢ የለውም፣ ግድግዳውን ተደግፎ የእንጨት መሰንጠቂያ አለ። አባትየው በመጋዙ ድምፅ ይነጫነጫሉ። እየተነጫነጩ ግን እራታቸውን በሰዓቱ ይበላሉ፤ ልጃቸው ሲዘገይ «ገና ነኝ፣ ብሉ» ብሎ ይደውላል፣ እሳቸውም ቅር እያላቸው ይበላሉ።

ይህን ታሪክ ያነበባችሁ ሁሉ፣ ቤት ስትመርጡ ግቢውን፣ ዛፉንና የክፍሉን ብዛት እሁድ ልታዩት ትችላላችሁ። መንገዱን ግን ሥራ ባለበት ቀን፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማችሁ፣ ቢቻል በዝናብ ለኩት። የምትኖሩት ቤቱ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ መንገዱም ላይ ነው የምትኖሩት፤ እዚያ ያለቀውን ሰዓት ደግሞ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚጠብቃችሁ ሰው ነው የሚከፍለው። ተሳስታችሁም ከሆነ፣ መሳሳታችሁን ለዚያ ሰው ንገሩት። መንገዱን ባታሳጥሩለት፣ ርዝመቱን አትደብቁበት። በየመንገዱ «ደረስኩ» እያልን ስንት ሰው ከቀረበ ማዕድ ፊት አስቀምጠናል?

አሁን ይህን እያነበብክ ስልክህ ቢጠራና «የት ነህ?» ብትባል፣ የምትመልሰው ያለህበትን ነው?